«እሺ» ሲሉህ ምን አሉህ? ድሬዳዋ ውስጥ የሰውን አነጋገር ማንበብና መላመድ

ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጣ የሃምሳ ዓመት ሰው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ይገባል። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ሃያ አልሞላውም። «አቦ፣ ምን ልስጥህ?» ይለዋል። ሰውየው ሳይገዛ ይወጣል፤ ማታ ለወዳጁ «የዚህ አገር ልጅ አሳዳጊ የለውም» ብሎ ያወራል። ልጁ ደግሞ ደንበኛው ለምን ፊቱን አጥቁሮ እንደወጣ አይገባውም። ማንም ማንንም አልሰደበም። አንደኛው አክብሮትን የሚፈልገው ሌላኛው አክብሮት በማያስቀምጥበት ቦታ ሆነና ተላለፉ።

አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ አክብሮትን የሚያስቀምጠው ግሱ ጫፍ ላይ ነው። በ«ልስጥህ» እና በ«ልስጥዎ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው፣ ግን ሰው ያቀያይማል። የድሬዳዋ አማርኛ አስተዳደጉ ሌላ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲህ አማርኛው ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከሐረሪ ጋር በአንድ ግቢ ኖሯል። ሶማልኛ ለአንድ ሰው «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ አይለይም። የሐረርጌ ኦሮምኛም ትልቅን ሰው «አቲ» ማለትን ነውር አያደርገውም። በእነዚህ ቋንቋዎች መሐል ያደገ አማርኛ «አንተ»ን ከንቀት ሸክሙ አራግፎታል።

አክብሮቱ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ያው ልጅ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ሲመጣ «አዴር» ይላል፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። በርጩማውን ለቆ ያስቀምጣል፣ ውኃ ያቀርባል፣ ዕቃው ከሌለው ጎረቤት ሱቅ ሮጦ ያመጣል። የከተማዋን ሰው አክባሪነት ግስ ላይ የሚፈልግ ያጣዋል፤ እጁንና እግሩን የሚያይ ያገኘዋል።

የአነጋገር ስልት የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው አክብሮቱን፣ እምቢታውንና ቅሬታውን የት ማስቀመጥ እንደለመደ ነው። አንዱ ቃሉ ላይ፣ አንዱ ዝምታው ላይ፣ አንዱ በሚልከው ሰው በኩል፣ አንዱ መልስ በሚሰጥበት ሰዓት ላይ ያስቀምጣል። መላመድ ማለት ማስቀመጫውን አውቆ እዚያው መፈለግ ነው። (ይህን ጽሑፍም በድሬ ወግ «አንተ» እያልን እንቀጥላለን፤ እንዳይከፋህ። አንቺም እንደዚያው።)

በሥልጠና አዳራሾች ሰውን በአራት ቀለም ወይም በአራት ፊደል የሚመድቡ መጠይቆች ይታደላሉ። ለጨዋታ ደኅና ናቸው። ችግራቸው ያው ሰው ከአለቃው ጋር፣ ከእናቱ ጋርና በርጫ (ጫት የሚቃምበት ጨዋታ) ላይ ሦስት ዓይነት መሆኑ ነው። እዚያው አዳራሽ «ከመግባባት 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው» ሲባል ትሰማለህ። የቁጥሩ ምንጭ የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው፤ የተጠናው ደግሞ ቃልና ድምፅ ወይም ቃልና ፊት ሲጋጩ ሰሚው የተናጋሪውን የመውደድና የመጥላት ስሜት ከየትኛው እንደሚያነብ ነው። ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ስትደራደር 93 በመቶው ቅንድብህ ላይ የለም።

መጠይቁን ተወውና ሰውየውን ሦስት ጊዜ ልብ ብለህ እየው፦ እምቢ ማለት ሲያስፈልገው፣ ንግግሩ ሲቋረጥበት፣ ቸኩሎ ሳለ ሰላም ሲሉት።

እምቢታው የት ነው?

ድሬዎች ግልጽ ናቸው ይባላል። በቀልድና በዋጋ ላይ እውነት ነው። እምቢታ ላይ ሲደርስ ግን የድሬንም ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «አይሆንም» ብሎ ፊት መንሳት ይከብደዋል። ስለዚህ «እሺ» ይላል። የ«እሺ» ጉዳት ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ነው።

አንተ ገና እየተናገርክ ጣልቃ የሚገባ አጭር «እሺ» እየሰማሁ ነው ማለት ነው። ተጎትቶ ወደ ላይ የሚወጣ «እሺ…?» ቀጥል፣ ነገሩ ገና አልተገለጠልኝም ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ከሆነ ጨርስልኝ ነው። «እሺ፣ እናያለን» አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ እምቢታ ነው። «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሃይማኖቱን የሚያከብር ሙስሊም ፈጽሞ የቆረጠለትን ጉዳይም «ኢንሻአላህ» ሳይል አይናገርም፤ ስለዚህ ቃሉን የማምለጫ ምልክት አድርጎ መቁጠር ስሕተትም ድፍረትም ነው። ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ስማ። «ኢንሻአላህ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ኢሱዙው ይመጣል» ካለ ቀጠሮ ይዘሃል። ብቻውን ከቀረ ግን ጉዳዩ አልተቆረጠም። ዝርዝር ያልተከተለው «እሺ» ደረሰኝ ነው እንጂ ውል አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄህን «እሺ» ሊመልሰው በማይችል መንገድ ሥራው። ለሐሙስ 60 ካርቶን ሴራሚክ ትፈልጋለህ እንበል። «እስከ ሐሙስ ታደርስልኛለህ?» ካልክ መልሱ የታወቀ ነው። ይልቅ መጀመሪያ «አሁን መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን አለ?» በል። ቀጥሎ «የቀረው ከየት ነው የሚመጣው?»። መጨረሻ ላይ «ሐሙስ ባይመችህ ለአንተ መቼ ይሻላል?»። ሦስተኛው ጥያቄ ሰውየው ሳያፍር የሚወጣበት በር ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን አታዛባ። በሩን መጀመሪያ ከከፈትክለት አትቸኩልም ብሎ ቅዳሜ ይልሃል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው ሦስት ነገር አለ። የመጀመሪያው «አዎ ወይም አይ በለኝ» ብሎ ማፋጠጥ ነው። የተፋጠጠ ሰው ለጊዜው መገላገያ «አዎ» ይላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ስልኩ አይነሳም፣ አንተም ውሸታም ትለዋለህ። ሁለተኛው ደንበኞቹ ወይም ሠራተኞቹ እየሰሙ መጠየቅ ነው፤ ሰው ፊት «የለኝም» ማለት ለነጋዴ ስም ማጉደፍ ነው። ሦስተኛው መልእክተኛን አለማንበብ ነው። ራሱ መደወል ሲችል ወንድሙን ወይም የጋራ ወዳጃችሁን ከላከ፣ ወዳጁ ስለ አየሩ ብቻ አውርቶ ቢሄድ እንኳ፣ መልሱ መጥቷል።

አንተው ዙሪያውን ዞረህ የምትናገር ሰው ከሆንክና ፊትህ የተቀመጠው ቀጥተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርግ፤ እምቢታውን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አምጣው፣ ምክንያቱን አስከትል። «አይሆንልኝም፤ ሐሙስ መኪናው ጅግጅጋ ነው» ይበቃል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ለሚያውቀው ጆሮ ነው የሚጥመው፤ ለማያውቀው ሰው የተሸፈነ ቃል ጊዜ ማባከን ወይም መደበቅ ይመስላል። ኤድዋርድ ሆል የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ልዩነት ለማስረዳት ትርጉሙ በሁኔታው ውስጥ የሚያድርበትንና ትርጉሙ በተነገረው ቃል ውስጥ የሚያድርበትን አነጋገር ለይቶ ነበር። ሐሳቡ ይጠቅማል፣ አገርን በሙሉ በአንድ ጎን ለማስቀመጥ ካልተጠቀሙበት። አንድ የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ስለ ዋጋ ሲናገር ትርጉሙ ቃሉ ላይ ነው፣ ስለ ዱቤ ሲናገር ደግሞ ሁኔታው ላይ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ፣ ምርቃናው ሞቅ ሲል የሚገባ ቃል ከልብ ነው፤ ሰውየው በዚያ ሰዓት በእርግጥም የሚያደርገው ይመስለዋል። በማግሥቱ ጠዋት «ትናንት ያወራነውን እንዴት እናድርገው?» ብለህ ሳታጸና ብር አታውጣ። ተከራክረህ ያሸነፍከውም አይቆጠርም።

ንግግሩ ሲቋረጥበት

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሥር ቋንቋዎች ጥናት ሰው ጥያቄ ቀርቦለት እስኪመልስ የሚያልፈውን ክፍተት ለክቶ ነበር። አማካዩ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ሆነ፤ በፈጣኑና በዝግተኛው ቋንቋ መካከል የነበረው ልዩነትም ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ጆሯችን ለክፍተት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከዚህ ይገባሃል። ከለመድነው ጥቂት ሲዘገይ «ቅር አለው» እንላለን፣ ጥቂት ሲፈጥን «አላስጨረሰኝም»።

ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ሁለት ድሬዎች ሲያወሩ ብታዳምጥ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ ሁለቱም አብረው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ማንም አልተቀየመም። የቋንቋ ምሁሯ ዲቦራ ታነን ይህን ዓይነቱን መደራረብ የመተባበር ምልክት እንጂ ንግግር መንጠቅ አይደለም ትላለች፤ «አብሬህ ነኝ» የማለት መንገድ ነው። ተራ ጠብቆ መናገር የለመደ ሰው ግን ያው ሰው ሲያቋርጠው ዝም ይላል፤ ተደራራቢው ዝምታውን ባየ ጊዜ የሚለው የለውም ብሎ ይበልጥ ይሞላዋል። ሁለቱም በጨዋነታቸው እየተጎዳዱ ይቀጥላሉ።

ተደራራቢ ከሆንክ፣ ጥያቄ ከጠየቅክ በኋላ በልብህ እስከ ሦስት ቁጠር። ሦስት ሰከንድ ከዚያ አማካይ አሥራ አምስት እጥፍ ነው፤ ዘመን ይመስላል፣ ግን ዝግተኛው ሰው የሚገባው በዚያ መስኮት ነው። ተራ ጠባቂ ከሆንክ ደግሞ እስኪጨርሱልህ አትጠብቅ፣ አይጨርሱም። ስሙን ጠርተህ ግባ፤ «ቆይ አንዴ፣ ይቺን ልጨርስ» ማለት በዚህ ከተማ ማንንም አያስቀይምም።

ስብሰባ ላይ ጉዳዩ የከፋ ነው። ሦስት ሰው ሰዓቱን ይጨርሰዋል፣ ሰባቱ ይሰማል፣ ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል። አስተካካዩ አሠራር ቀላል ነው፦ አጀንዳውን ከአንድ ቀን በፊት መላክ፣ ስብሰባውን ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ማድረግ፣ ንግግሩን ከትንሹ ባለሙያ ጀምሮ በዙር ማስኬድ፣ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ መናገር። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። አለቃ ሐሳቡን አስቀድሞ ከገለጸ በኋላ «አስተያየት ካላችሁ» ማለት ጥያቄ አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ለውጭ ሰው ማስረዳት ቢያስፈልግህ፦ እኛ ብዙ ጊዜ «አዎ»ን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ነው የምንለው። ያልለመደ እንግዳ የደነገጥክ ወይም ያመመህ ይመስለዋል።

ቸኩሎ ሳለ ሰላም ሲሉት

«አታም ጂርታ»፣ «ናበድ»፣ «ሰላም ነው? ቤት ሰላም? ልጆች?»። በየትኛውም ቋንቋ ሰላምታው ከጉዳዩ ይቀድማል። ስልክ አንስቶ በቀጥታ «ያ ዕቃ ምን ደረሰ?» የሚል ሰው ተቆጥቷል ወይም ተቸግሯል ተብሎ ይተረጎማል። በልምድ ሁለት ምልልስ ይበቃል፤ ጠይቀህ፣ ተጠይቀህ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ። ሌላው «እና…» ወይም «ታዲያ…» ሲል ወደ ጉዳዩ ግባ ብሎሃል። ከኋላህ ሃያ ሰው የተሰለፈበት የባንክ መስኮት ላይ ግን ቤተሰብ መጠየቅ ጨዋነት አይሆንም። በቴሌግራም የመጣ ደረቅ «እሺ» ወይም አውራ ጣት ላይ ትርጉም አትጫን፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይሆናል የጻፈው።

ስታርም

ዘግይቶ የሚከፍት ሠራተኛ አለህ። ለቀጥተኛው «ማክሰኞና ረቡዕ 3 ሰዓት ላይ ነው የተከፈተው፤ ሁለት ደንበኛ ተመልሷል። ከነገ ጀምሮ 2 ሰዓት ይከፈት» ይበቃል፤ የሆነው፣ ያስከተለው፣ የሚፈለገው። ቅጽል የለበትም፤ «ሰነፍ» ያልክ ዕለት ክርክሩ ስለ ሰዓቱ መሆኑ ይቀራል። ለይሉኝተኛው ያንኑ ሦስት ነገር ሰው በሌለበት፣ በጥያቄ ጀምረህ አቅርብ፤ «ማክሰኞ ዘግይተህ ነበር፣ ቤት ደኅና ነው?»። ከመልሱ በኋላ ሰዓቱን በግልጽ መናገርህን ግን አትተው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ለማለሳለስ ብሎ ፍሬ ነገሩን ይውጠዋል፣ ሠራተኛው የተጠየቀው ስለ ጤናው ብቻ ይመስለዋል። ማለሳለሻው ለአቀራረቡ ነው፤ 2 ሰዓት 2 ሰዓት ነው።

የድሬ ቅሬታ በቀልድ ተሸፍኖም ይመጣል። «አቦ አንተ ደግሞ ሀብታም ሆንክ፣ ስልክ አታነሳም» ብሎ የሚስቅ ወዳጅ ግማሹ ቅሬታ ነው። አብረህ ሳቅ፣ ግን ደውልለት። ያው ቀልድ ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ቀልድነቱ አብቅቷል።

መላመድ ሲበዛ

ሃዋርድ ጃይልስ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰዎች ሲነጋገሩ እንዴት እንደሚቀራረቡና እንደሚራራቁ አጥንቷል። ከትምህርቱ ለእኛ የሚሆነው፣ መቀራረብ ከመጠን ሲያልፍ ስድብ ይሆናል የሚለው ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ መጥቶ ዛሬ በየዓረፍተ ነገሩ «አቦ» እና «ወላሂ» የሚል ሰው እያሾፈ ይመስላል። ፍጥነቱን ተከተል፣ የሰላምታውን ርዝመት ተከተል፣ ዘዬውን ለባለቤቱ ተው።

ሁለተኛው መብዛት ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪን በጩኸትና በተሰባበረ አማርኛ ማናገር ነው፤ «አንተ፣ ነገ፣ መምጣት፣ እሺ?»። ሰውየው ደንቆሮ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥር እንጂ ሰዋስዉን አትስበር። ዋጋና ብዛትን ወረቀት ወይም የስልክ ሒሳብ ማሽን ላይ ጽፈህ አሳይ። የአሉታ ጥያቄ ተው፦ «ዕቃው አልመጣም?» ስትል አንዱ «አዎ» ብሎ አልመጣም ይልሃል፣ ሌላው «አዎ» ብሎ መጥቷል። «መጣ ወይስ ገና ነው?» በል። ሰዓትንም አጥራ፤ ከጅቡቲ የሚደውል ነጋዴ «3 ሰዓት» ሲል ለእኛ 9 ሰዓት ነው፣ ምሳ ከተበላ በኋላ። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የምትለዋ ቃል ስድስት ሰዓት ሙሉ ከመጠበቅ ታድናለች።

ስልት ያልሆነው

አንዳንድ ዝምታ ስልት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ከእኩዮቹ ጋር የሚንጫጫ ሠራተኛ ከአለቃው ፊት ብቻ «እሺ» የሚል ከሆነ «ባህሉ ነው» ብሎ ማለፍ ለአለቃው ይመቻል፤ መጠየቅ ያለበት ባለፈው ጊዜ «አይሆንም» ያለው ሰው ምን እንደደረሰበት ነው። ዛቻና ስድብም እንዲሁ ከማንም የአነጋገር ልማድ አይቆጠርም፤ አንተ መላመድ የለብህም።

ጤናና ገንዘብ ላይ ደግሞ ስልት አይታመንም። መድኃኒት ቤት ውስጥ «ገባሽ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ «እሺ» ነው የሚወልደው፤ አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፣ ከኋላም ሰው ቆሟል። ጥፋቱን ወደ ራስህ ወስደህ ጠይቅ፦ «በደንብ ማስረዳቴን ልወቅ፤ ቤት ስትደርሺ እንዴት ነው የምትወስጂው?»። «እሺ» ካለች በሌላ ቃል እንደገና አስረዳ፣ እንደገናም ጠይቅ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ምግብ በልቼ፣ ለሰባት ቀን» ካለችህ ከረጢቱን አስረክባት።